ከግድግዳው ስንጥቅ የተወሰደው መፋቂያ

ገበያዋ ከመስጂዷ ደጃፍ በሚጀምር አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሸህ ጦልሃ የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ለሲዋካቸው፣ ለጥርስ መፋቂያቸው፣ ያላቸው ጥንቃቄ ሰዉን ፈገግ ያሰኘው ነበር። ቀጥ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ይመርጣሉ፤ ጫፉን አኝከው ያፍታቱታል፤ ፍቀው ሲጨርሱ አጥበው ያደርቁታል። ጫፉ ሲያረጅ ይቆርጡታል፤ ሲያጥር ደግሞ ይጥሉትና ሌላ ይይዛሉ።

አብረዋቸው ከሚሰግዱት ጀመዓ አንዱ ልብስ ሰፊው ሙሂዬ ነበር። ሚስቱ ሉባባ ድዷ አብጦ እህል መቅመስ ካቃታት ሰንብታለች። ያልሞከረችው መድኃኒት የለም። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሙሂዬ የዉዱእ መታጠቢያው አጠገብ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የሸሁ መፋቂያ ተሰክቶ አየ። የሸሁ ምራቅ በረካ ሚስቴን ያሽርልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ሸሁ የጣሉት ነው ብሎም ራሱን አሳመነና ኪሱ ከተተው።

ቤት ገብቶ ሲሰጣት ሉባባ ግን እጇን አልዘረጋችም።

«የሰው አፍ የገባውን እንጨት፣ በዚህ ቁስል ላይ? ሸሁ ራሳቸው የሌላ ሰው መፋቂያ ሲነኩ አይተህ ታውቃለህ?»

አይቶ አያውቅም። መፋቂያውን መልሶ ኪሱ ከተተና ግራ እንደገባው ለዐስር ሶላት ወጣ። መስጂድ ሲደርስ ሸሁ ስንጥቁን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል።

«እዚህ የሰካሁትን መፋቂያ ያየ አለ? የእኔ አይደለም» አሉ።

የእኔ አይደለም? ሙሂዬ ጆሮውን ተጠራጠረ። ሲፍቁበት በዓይኑ አይቷል። ታዲያ የማን ነው? ሶላቱን ሲሰግድ እንኳ ይኸው ሐሳብ አልለቀቀውም። ሰዉ ሲበተን ቀረባቸውና፣ በረካ ፈልጎ መውሰዱን እያፈረ ተናገረ። መፋቂያውንም በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«በረካ?» አሉ ሸሁ፣ እሳቸውም ተራቸውን ግራ ገብቷቸው። «ልጄ፣ ይህን ከእትዬ ዘምዘም ግቢ አጥር ነው የቆረጥኩት። ቅርንጫፉ መንገድ ላይ ስለወጣ የማንም ያልሆነ መስሎኝ። ሥሩ ግቢዋ ውስጥ መሆኑን ያየሁት ከፋቅሁበት በኋላ ነው። ያን ቀን አፌን ላጸዳ ብዬ የሰው ሐቅ ነከስኩ። እሷ መንገድ ሄዳ ነበርና፣ ስትመለስ ይዤው ልቀርብ ሰካሁት። ዛሬ ገብታለች አሉ።»

ሙሂዬ ነገሩ ገባው። ለሚስቱ ፈውስ ብሎ የወሰደው፣ ሸሁ አፋቸው መልሰው ለማስገባት የፈሩትን እንጨት ነው። ወደ ዘምዘም ቤት ተከተላቸው።

እትዬ ዘምዘም በሩን ከፍታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ለአንዲት ቁራጭ እንጨት ሁለት ትልልቅ ሰው ደጄ? እኔ እኮ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ! አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ሸሁ።»

«እኔንም አውፍ በይኝ» አለ ሙሂዬ። «ሳልጠይቅ ወስጃለሁ።»

ሴትዮዋ እየሳቀች ከወይራው ሁለት ለጋ ቅርንጫፍ ቆረጠች፤ አንዱን ለሸሁ፣ ሌላውን ለሉባባ።

ሸሁ የራሳቸውን ተቀብለው ለሙሂዬ እንዲህ አሉት፤ «ለሚስትህ አዲሱን ስጣት፤ የእኔ ምራቅ ለእኔም አልሆነኝም።»

ሙሂዬ ይህን ንግግር ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሯል ይባላል። እኛም ብንሆን ደጋግ ሰዎች የነኩትን ጨርቅና የያዙትን እንጨት እንሻማለን። የሰው ደጅ አንኳኩቶ «አውፍ በይኝ» የማለት ድፍረታቸውን ግን የሚነካው የለም፤ እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ትተነው እንሄዳለን።