ባሕሩ ድምፅ ሳያሰማ የመጣ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሦስት እጩ መምህራን ነበሩ፤ ዘሪቱ፣ ምንይችልና አስናቀ ይባላሉ። ሦስቱም የደጋ ልጆች ናቸው። ኮሌጃቸው ባሕር ማዶ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር የልምድ ልውውጥ ነበረውና ለሦስት ወር ማስተማር እንዲለማመዱ ላካቸው። ትምህርት ቤቱ ያለው የዓሣ አጥማጆች ጠረፍ ላይ ነው። ሃያ አንድ ሕፃናት ተሰጧቸው። አስናቀ ስም ሲጠራ «አቤት» ብለው እንዲመልሱ ስላስለመዳቸው፣ የባዕድ አገር ልጆች በየጠዋቱ «አቤት» ሲሉ ለሰሚው ሳቅ ነበር።

የዚያ አገር ባሕር በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሲሸሽ አሸዋው እንደ አውድማ ይዘረጋል፤ ልጆችም ወጥተው ዛጎል ይለቅማሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ልጆቹን ይዘው ሲወጡ፣ የክፍሉ ነባር መምህርት አሸዋው ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ እንዳያልፉ አጥብቀው አስጠነቀቋቸው።

ዘሪቱ ግን ከድንጋዩ ወዲያ የተሻለ ዛጎል አየች። «ውሃው የት አለና? ቢመጣም እንሰማዋለን» አለች። ብዙም አይፈረድባትም። በአገሯ ደራሽ ውሃ የሚመጣው እያጓራ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ነው፤ ሰው ሰምቶ ዳገት ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ምንይችል ቅር ቢለውም ይሉኝታ ይዞት ተከተላት። ዘሪቱ ከፊት፣ እሱ ከመሃል፣ አስናቀ ማንም እንዳይቀር ከኋላ ሆነው አለፉ።

ባሕር ግን አያጓራም። በመጀመሪያ ጉም ወረደ። ቀጥሎ ምንይችል ጫማው ውስጥ ውሃ ተሰማው። ውሃው በእነሱና በመሬቱ መካከል ባለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ከጀርባቸው፣ ዝም ብሎ እየሞላ ነበር። ልጆቹን ቆጠሩ፤ ሃያ። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ሃያ። የጎደለችው ኤልሲ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አስናቀ ሌላ ልጅ ያሳየውን ዛጎል ሲያደንቅ ዘንግቷት ኖሯል።

ምንይችል አልጠበቀም። «ለአንድ ልጅ ብለን ሃያውን አንቀብርም» አለ። ጉሙ ሳይዘጋ መሬቱን ያየበትን አቅጣጫ ይዞ፣ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያያዘ፤ ትንሿን አዘለ። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ውሃው የልጆቹ ደረት ደርሶ ነበር። ስለ ኤልሲ እየጠየቁ ሲያለቅሱ ተቆጣቸው፤ እሱም አንዴ እንኳ አልዞረም። ሃያዎቹም ደረቅ መሬት ረገጡ። ወዲያው ትልልቆቹን ልጆች ዓሣ አጥማጆችን እንዲጠሩ ላካቸው።

ዘሪቱ ዋና አትችልም። «ይዣቸው ያለፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ብቻዋን ወደ ጉሙ ተመለሰች። ከፊቷም ከኋላዋም ነጭ ብቻ ነበር፤ እየተራመደች ወደ ባሕሩ ይሁን ወደ መሬቱ አታውቅም። ፈራች፤ እናቷን ጠራች፤ ግን አልተመለሰችም። በመጨረሻ ኤልሲን እግሯን ጭቃ ይዟት አገኘቻት፤ በእጇ ቆፍራ አውጥታ ትከሻዋ ላይ አደረገቻት።

አስናቀ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። እሱም ዋና አያውቅም። እንደ ጠዋቱ ስም መጥራት ጀመረ፤ ሃያ አንዱንም፣ በተራ፣ ደግሞ ደጋግሞ። ውሃው ጉልበቱን አልፎ ወገቡ ደረሰ። ስሟ በተጠራ ቁጥር ኤልሲ በቀጭን ድምፅ «አቤት» ትል ነበርና ዘሪቱ ያገኘቻት በዚያ ነው። ወደ ድንጋዩ የተመለሱትም የእሱን ጥሪ ተከትለው ነው። የዓሣ አጥማጁ የኤልሲ አባት ጀልባም በጉሙ ውስጥ የደረሰችላቸው ያንኑ ድምፅ ይዛ ነው።

በዚያ ጠረፍ ልጁ ከባሕር የተመለሰለት አባት የጀልባውን ደወል ላዳነለት ሰው ይሰጣል። ደወሉን የተቀበለ ሰው ለልጁ ሁለተኛ ወላጅ ይሆናል፤ ሁለት ሰው አይቀበለውም። በማግስቱ መንደሩ ተሰበሰበ። ዘሪቱ ጥፋቱ የእሷ ስለሆነ ለአስናቀ እንዲሰጥ ለመነች። አስናቀ፣ ልጅቷን የዘነጋ እጁ ደወል እንደማይዝ ተናገረ። የምንይችልን ስም ያነሳ አልነበረም። እሱም የኤልሲን ዓይን ማየት አቅቶት አቀርቅሯል።

ያኔ ከኋላ አንዲት እናት ተነሥተው ወደ ምንይችል ጠቆሙ። «እሱ ቆሞ ቢፈልግ ኖሮ፣ ዛሬ የኔን ልጅ ማን ያመጣልኝ ነበር?» አሉ።

አባትየው ከሦስቱ ለአንዱም ሳይሰጡ ደወሉን ለኤልሲ አስያዟት። ከሦስቱ አንዱ ይዟት ሊያልፍ ባይነሣ፣ አንዱ ባይዘነጋት፣ አንዱም ጥሏት ባይሄድ ያን ሁሉ ፍርሃት አታየውም ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድልም ዛሬ እዚህ አትቆምም ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ ደወሉ ለማን ይገባል?