ሰዓዳ ይቅርብኝ ያለችው ንብ

በአንድ ወቅት፣ ጦርነት ባለፈበት አገር፣ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ኋላ ፈንድቶ አንድ እግሯን የወሰደባት ሰዓዳ የምትባል ሴት ነበረች። ማረሱም እንጨት መልቀሙም ቀረባት። የተጎጂዎች መርጃ ማኅበር አንድ ቀፎ ከነንቡ ሰጣትና በማሩ ሁለት ልጆቿን ማሳደር ጀመረች። ታዲያ በጋው በርትቶ አበባው ሲደርቅ፣ ንቡ አንድ ጠዋት ብድግ ብሎ ኮበለለ። በምርኩዟ እያነከሰች ብትከተል የት ትደርሳለች!

ጎረቤቷ ጋሼ ይመር ዓይናቸውን ያጡት በቦምብ ነው። ከደጃፋቸው ተቀምጠው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «ከዋርካው አልፎ ወደ ግራ ታጠፈ» አሉ። «ድምፁ ቆመ። ግራሩ ላይ ሰፍሯል።» እንዳሉትም ሆነ። ግራሩ ያለው ግን ቦምብ አምካኞች ገና ባልጨረሱት፣ ቀይ በተቀባ ድንጋይ በተከለለው ማሳ ውስጥ ነው።

አደም የሚባል የመንደሯ ሰው አንድ እጁን ያጣው እዚያው ማሳ ውስጥ ነበር። ቅርጫት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቀዩን ድንጋይ ተሻገረ።

«አደም፣ ተመለስ!» ጮኸች ሰዓዳ።

«ንብሽስ?»

«ይቅርብኝ! ትቼዋለሁ!»

ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ እሱ ዞር አላለም። እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ትንፋሿ ቀጥ ይላል። በአንድ እጁ ንቡን ወደ ቅርጫቱ አራግፎ፣ የራሱን ዱካ እየረገጠ ሲወጣ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በዚያ አገር የኮበለለ ንብ፣ ባለቤቱ እስከተከተለው ድረስ የባለቤቱ ነው፤ ከተወው ግን ለሌላ ይሆናል። ንብ ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ንግሥቲቱ አንድ ናት።

«ማኅበሩ ዘንድ ለቀፎ ከተመዘገብኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለ አደም፣ ነገሩን ሊዳኙ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች። «እሷ ትታዋለች። በነፍሴ ቆርጬ ማሳው የገባሁት እኔ ነኝ።»

«ያለ እኔ ጆሮ ማን ያገኘው ነበር?» አሉ ጋሼ ይመር። «እኔም ጦሜን ነው የማድረው።»

አንዱ ሽማግሌ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቅርብኝ ያልሽው ደንግጠሽ ነው ወይስ ከልብሽ?»

ደንግጬ ነው ብትል ንቡ ይመለስላት ነበር። ልጆቿ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

«ከልቤ ነው» አለች። «አሁንም አደም ማሳው ቢገባ እንደዚያው እላለሁ።»

ንቡ ቅርጫቱ ውስጥ ይተራመሳል፤ ቶሎ ቀፎ ካላገኘ ማለቁ ነው። እኔስ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ የሰማችሁት ፍረዱ፦ ንቡ የሚገባው ለማን ነው?