እርሙን ያላወጣው ሸማኔ

ለቅሶ ደርሰን ስንቀመጥ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ከአንድ ሸማኔ ቤት ተነሥታ ነው አሉ።

በክፉ ዘመን ወረርሽኝ ገብቶ ሰውን እንደ እህል ሲያጭደው፣ የአገሩ ጭቃ ሹም ማንም ከማንም ደጅ እንዳይደርስ አዋጅ አስነገረ። ሸማኔው ይመኑ በትኩሳት ራሱን ስቶ ሳለ ሚስቱ እንጉዳይ ሞተች። ቀባሪዎች አጣድፈው አፈር አለበሷት። ነፍሱን ሲያውቅ አጠገቡ ያለው መደብ ባዶ ነበር።

በሽታው በረደ፤ አዋጁም ተነሣ። ይመኑ ግን «እንዴት ሰነበትህ?» ሲሉት «እግዜር ይመስገን» ብሎ ያልፍና፣ ከሸማ ጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን እንደያዘ ድሩ ላይ አፍጥጦ ይውላል። እህል አይወርድለትም። ደጅ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቡ ይደልቃል። እንባው ሲመጣበትም «ልጆቹን ሁሉ የቀበረ እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ?» እያለ ይውጠዋል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ አያ ፈንቴ ጋቢ ሊያሠራ ፈትል ይዞ መጣ።

«ለሌላ ስጠው፣ አያ ፈንቴ። እጄ እንቢ ብሏል።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ሕመምስ ስም አለው። አእምሮዬን ልስት ነው መሰለኝ።»

ፈንቴም በዚያው በሽታ ወንድ ልጁን ቀብሯል። ፈትሉን አስቀምጦ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም በሬዎቹን ጠምጄ ስቆም ምን ላደርግ እንደ ወጣሁ ይጠፋኛል» አለ። «ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አንተም?»

«እኔም።»

ይመኑ መወርወሪያውን አስቀምጦ «እንጉዳይን እኮ አላለቀስኳትም» አለ።

ፈንቴ ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አልቃሿ ወደ እማ ሽታዬ ሄደ። እሷም ሙታኑ በጋራ እንዲለቀሱ ለየቤቱ መልእክት ላከች። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሜዳ ወጣ። እማ ሽታዬ ሟቾቹን በየስማቸው እየጠራች ሙሾ ስታወርድ፣ የእያንዳንዱ ዘመድ እየተነሣ እርሙን አወጣ። «እንጉዳይ» ስትል ይመኑ ተነሥቶ ስሟን እየጠራ ጮኸ፤ ጎረቤቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው አብረውት አለቀሱ።

ሐዘኑ በዚያ ቀን አላለቀም። ብቻ ያቀረቡለትን እህል ቀመሰ፤ ሰዎቹ ሲያወሩ እየሰማም እዚያው ሣሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ጭቃ ሹሙ ሲያልፍ ይህን አይቶ ተገረመ። «ሙታኑ ከተቀበሩ ቆዩ አይደለም ወይ? ዛሬ መሰብሰቡ ምን ይረባል?» ብሎ ጠየቀ።

እማ ሽታዬ የተኛውን ሰው ኩታዋን እያለበሰች፣ «ጌታው፣ ሬሳ ለመሬት፣ ሐዘን ለጎረቤት» አለችው።