ከአውቶቡሱ የወረደው ጠጋኝ

«አንድ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር ገብረየስ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ትርንጎ በቴክኒክ ኮሌጁ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ወር ቀርቷታል። የጠየቀቻቸውም ይህን ነበር፦ «መሐንዲሱ ይነድፋል፣ ሐኪሙ ያድናል። እኔ ብሎን ሳጠብቅ ልኖር ነው? ማንስ ያየኛል?»

ሰውየው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሴት ልጁ ሠርግ ሊሄድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ከሆስፒታሉ ተጠራ። ኦክስጅን የሚሰጠው መሣሪያ ቆሟል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው አንዲት አሮጊት በመጨረሻው የኦክስጅን ሲሊንደር ላይ ናቸው። ሰውየው መሣሪያውን ፈታ፣ የተቃጠለውን ክፍል ቀየረ፣ መልሶ ገጠመ። መሣሪያው ተነሣ። የአሮጊቷ ሴት ልጅ ሁለት እጁን ይዛ ሳመችው፤ ነርሶቹም እስከ በር ሸኙት።

ወደ ሠርጉ የተሳፈረበት አውቶቡስ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንድ ነገር ትዝ አለው። መሣሪያው ድንገት ቢቆም ጮኾ የሚያስጠነቅቀውን ደወል ሳይሞክር ነው የወጣው።

«ይሠራል» አለ ለራሱ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ባይሠራስ?» አለ። ልጁ በሙሽራ ልብሷ በር በሩን ስታይ ታየችው። ቢሆንም «ወራጅ አለ!» ብሎ ተጣራ።

ተመልሶ ሲገባ ዋናዋ ነርስ ደነገጠች። «ምን ረሳህ?»

«ደወሉን አልሞከርኩትም። ለአምስት ደቂቃ ወደ ሲሊንደሩ መልሱልኝ።»

ቅድም እጁን የሳመችው ሴት ተቆጣች። «በእናቴ ላይ ነው እንዴ የምትለማመደው?»

አሮጊቷ ወደ ሲሊንደሩ ከተዛወሩ በኋላ መሣሪያውን ከመብራት ነቀለው። ደወሉ ግን አልጮኸም። ሲከፍተው፣ ጠዋት ራሱ የነቀላት ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥላለች።

«እኔ ነኝ የረሳሁት» አለ በሁሉም ፊት። ሽቦዋን ገጥሞ እንደገና ሞከረው፤ ደወሉ ክፍሉን አናወጠው። በዚያን ሰዓት ያመሰገነው ሰው አልነበረም።

ሠርጉ ቤት የደረሰው ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ልጁ ለአንድ ሳምንት ስልኩን አላነሣችለትም። በስምንተኛው ቀን የዘገየበትን ምክንያት ከሰው ሰምታ ራሷ ደወለች፤ «አባዬ፣ አሮጊቷ እንዴት ሆኑ?» አለችው።

መምህሩ ወደ ትርንጎ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አሮጊቷ ድነው ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ደወሉ አንዴም አልጮኸም። እና ሰውየው ተመልሶ ባይመጣ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር የሚያውቅ የለም። ያንቺም ሥራ እንዲሁ ነው። ሆስፒታል ብትገቢም ፋብሪካ ብትገቢም፣ አንቺ የነካሽውን መሣሪያ አምኖ የሚያድር ሰው ስምሽን እንኳ አይሰማም። ማን ያየኛል አልሽኝ፤ ብዙ ጊዜ ማንም አያይሽም። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አይቼሻለሁ። አንቺ ከአውቶቡሱ ትወርጃለሽ። ለዚህ ነው ያለ ስጋት የምሸኝሽ።»