የኔ ይቆይ ያለው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሼህ ዓልዩ፣ ይመር ንግግሩን ገና ሳይጨርስ።

ይመር በዚያ ዓመት ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው ነው። ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ምክር ፍለጋ ወደ ሽማግሌው መጣ። ወረዳው የጫነበት ጉዳይ ብዙ ነበር። የከተማው ወጣት ስታዲየም ይላል፤ ነጋዴው የገበያ አዳራሽ ይላል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ «ወረዳችን ዞን ይሁንልን» ብለው ወጥረው ይዘውታል። የተወለደበት ቀበሌ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ። እዚያ ምጥ የጠናባት ሴት እስከ ዛሬ በቃሬዛ ነው ገደሉን የምትወርደው፤ አንዳንዷም ሳትደርስ ትቀራለች።

«የቱን ላስቀድም፣ አባቴ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ መልስ ሳይጠብቅ ራሱ ቀጠለ፤ «የኔን ቀበሌ እንኳ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ወንበሩን ሳያሞቅ ለወገኑ ሮጠ እንዳይሉኝ።»

ሼሁ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ሲቆጡ መጮህ አይወዱም፤ ታሪክ መንገር ይቀናቸዋል። እንዲህም ብለው ነገሩት።

ሰውዬው ደግ ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ «ክፉ ሰው ነበር» ብለህ በቀላሉ እንዳትገላገለው ነው። አገሩ ደጋም ቆላም አለው። ደጋው ላይ ብዙ መንደር አለ፤ ቆላው ላይ ግን ከወንዙ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ብቻ ነች። ሰውዬው የተወለደው በዚያች መንደር ነው። አድጎ ሲያገባ ደጋ ወጥቶ ቤት ሠራ። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ሲያስታርቅ አያዳላም፤ የሰው ነገር ሰምቶ አያወጣም። አገሬውም ተሰብስቦ «አፋችን አንተ ነህ» ብሎ መረጠው።

በዚያ ዘመን ገዢው ለሸንጎ የሚቀመጠው በበጋው ማለቂያ ነበር። ከየአገሩ አንድ አንድ የአፍ ሰው ይመጣና ዘንጉን ከገዢው ድንኳን ፊት ይተክላል። ዘንጉ እስከቆመ ድረስ የዚያ አገር ጉዳይ ይሰማል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን ወንዞች ሳይሞሉ ሁሉም ወደ ቤቱ መግባት አለበትና፣ አጋፋሪው ወጥቶ ዘንጎቹን ይነቅላል። ያልተነገረ ጉዳይ ለከርሞ ያድራል። ዝናቡ መቼ እንደሚጥል ደግሞ ገዢውም አያውቅ። ስለዚህ ወደ ሸንጎ የሚሄድ ሰው ብልሃቱ ሁሉ የሚያስቀድመውን መምረጥ ላይ ነበር።

የደጋው ሰዎች ሰውዬውን ሲልኩት የግጦሽ ወሰን ክርክር አስያዙት፤ የገበያው ቀን ይለወጥልን አሉት፤ ደግሞም በገዢው የግብር ማዕድ ላይ ሽማግሎቻቸው ከጎረቤት አገር ሽማግሎች በላይ እንዲቀመጡ ይፈልጉ ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገሩ እንዴት ድምፃቸው እንደሚሞቅ ብታይ! ሰው ከሆዱ ይልቅ ለወንበሩ ይጨነቃል።

የቆላዋ መንደር የጠየቀችው ድልድይ ነበር። ድልድይ ስልህ ትልቅ ነገር አይምሰልህ፤ በወንዙ ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ግንዶች ናቸው። ገበያውም፣ ዘመዱም፣ ሐኪሙም ከወንዙ ወዲህ ስለሆነ ያች መንደር የምትኖረው በነዚያ ግንዶች ነው። ግንዶቹ አርጅተዋል። ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ዛፍ የሚገኘው ደግሞ በክልክሉ ዱር ውስጥ ብቻ ነው፤ ወደዚያ ያለ ገዢው ቃል መጥረቢያ አይገባም። ጉልበቱ አላቸው፣ መጥረቢያውም አላቸው። የጎደላቸው «ይቆረጥ» የሚል አንድ ቃል ነው።

ሰውዬው ሊሄድ ሲሰናዳ ታላቅ እኅቱ ወንዙን ተሻግራ መጣች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እዚያች መንደር ቀርታለች፣ ባሏም እዚያው ያርሳል።

«ወንድሜ፣ አንደኛው ግንድ በስብሷል» አለችው። «ስረግጠው ከሥሬ ይርገበገባል። ገና ከመግባትህ እሱን ንገርልን።»

«እነግራለሁ እትዬ። ግን አፌን ስከፍት የእኅቴን ደጃፍ ጉዳይ ባነሣ ‹ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም› አይሉኝም? የነሱን ላስቀድምና ከዚያ ያለ እፍረት የኛን እናገራለሁ።»

«ወንዙ እንደሆነ የማን እኅት እንደሆንሁ አይጠይቀኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ወንድምዬ።»

«ዝናቡ እኮ ገና ነው።»

እሷም ጉንጩን ስማው ወጣች። ቁልቁለቱ ድረስ ሸኛት፤ ወርዶ ግንዱን በዓይኑ አላየውም። ቢያየው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ሸንጎው ተቀመጠ። ሰውዬው ዘንጉን ተከለና የግጦሹን ክርክር አነሣ። ሲናገር ያምርበታል፤ ገዢው ራሱ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ሰማው። ወሰኑን የሚያዩ ሰዎች ተላኩና እስኪመለሱ ተጠበቀ። ከዚያ የገበያው ቀን መጣ። ጎረቤቱ አገር «በኛ ቀን አይሆንም» ብሎ ተነሣ፣ ነጋዴው ለሁለት ተከፈለ፣ ክርክሩ ረዘመ። ሰውዬው በልቡ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን የእንቁላሉ ጉዳይ ሌላ፣ የበሰበሰው ግንድ ጉዳይ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሌሎቹ አገሮች ጉዳይ ቶሎ አለቀ። ገዢው ደስ ብሎት ነበር። ዓይኑን ወደ ሰውዬው ጣለና እንዲህ አለው፤ «ስለ ደጋው ብዙ ሰማሁ። አንተ ግን የቆላ ልጅ ነህ ብለውኛል። ለተወለድክበት መንደር የምትለምነኝ የለህም?»

ልብ በል፣ ይመር። ገዢውን ማንም አላስታወሰውም፣ ማንም አልገፋውም፤ በሩ በራሱ ተከፈተ። የእኅቱ ነገር ጉሮሮው ድረስ መጣ። «ሁለት ዛፍ፣ ጌታዬ» ቢል ያልቅ ነበር። ነገር ግን ዞር ሲል አብረውት የመጡት የደጋው ሽማግሎች ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ከነሱ አንዱ ሀብታም ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ምን ሊል ይሆን እያለ ይጠብቃል። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«የኔ ይቆይ ጌታዬ» አለ። «በፊት የሌላው ይሰማ።»

ሸንጎው አጉረመረመ፤ የምስጋና ማጉረምረም ነው። «እንዲህ ነው እንጂ ሰው» አለ አንዱ። «ለራሱ የማይል» አለ ሌላው። ገዢው ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎኑ ላሉት «ይህን ሰው እዩት» አላቸው። ያን ጊዜ በሰውዬው ልብ የገባው ደስታ ጣፋጭ ነበር። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት ሁሉ አሰበ። ከዚያም የወንበሩን ጉዳይ አነሣ።

የማን አባት ከማን አባት በላይ ተቀምጦ እንደነበር ለማወቅ ምስክር ተጠራ። ምስክር በምስክር ላይ ቆመ። እነሱ በሞቱ ሰዎች መቀመጫ ሲከራከሩ ደመናው ከተራራው ጀርባ መጣ፤ በዚያ ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው። ጠብታው ድንኳኑን መታ። አጋፋሪው ወጣና ዘንጎቹን ይነቅል ጀመር።

ሰውዬው ሮጠ። «አንዲት ጉዳይ ቀርታኛለች!» አለ።

«ዘንግህ ተነቅሏል፣ ወንድሜ» አለው አጋፋሪው፣ ዘንጉን እያቀበለው። ገዢው በቅሎው ላይ ወጥቶ ነበር።

እስከ አገሩ ድረስ ዝናቡ አልለቀቀውም። ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። ውሃው ደፍርሶ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጮሃል። ግንዶቹ የሉም። ማዶ ሰው ተሰብስቧል፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ ድምፃቸው ግን ከውሃው ጩኸት የተነሣ አይሰማም። አንድ ጎልማሳ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እየደጋገመ ጮኸለት፤ ቃሉ እየተቆራረጠ ደረሰው። እኅቱ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ከገበያ ስትመለስ ነበር። የበሰበሰው ግንድ ከመሀል ተሰበረ። ሁለቱ ሌላኛውን ግንድ የሙጥኝ ብለው ወጡ፤ ኋላ እሱንም ጎርፉ ጠረገው። እሷን ውሃው ወሰዳት፤ ሬሳዋ በማግስቱ ከታች ካለው መታጠፊያ ተገኘ፣ በማዶ በኩል።

ሰውዬው መሻገር አልቻለም። እኅቱን ሲቀብሯት ከወዲህ ዳር ቆሞ በሩቅ አየ። አዝላ ያሳደገችውን እኅቱን አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ ሳያለብሳት ቀረ።

ደጋው ላይ ለቅሶ ተቀመጠ። ሰው ጎረፈለት፤ የተወደደ ሰው ነዋ። ሊያጽናኑት ብለውም «ለራሱ ያላለ ሰው! በገዢው ፊት የኔ ይቆይ ያለ ሰው!» እያሉ ያወድሱታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። በክፋት አይደለም የሚሉት፤ እንደዚያ የሚያቆስለው ነገር ግን አልነበረም።

ወንዙ ጎደል ሲል የእኅቱ ባል በዋና ተሻግሮ መጣ። ተላቀሱ። ከዚያ ሰውዬው ወቀሳውን ይጠብቅ ጀመር፤ አማቹ ግን አልወቀሰውም።

«ገዢው በገዛ አፉ ጠየቀህ ይላሉ። እውነት ነው?» ብቻ አለው።

«እውነት ነው።»

አማቹ «እኛ ደግሞ ተለምኖ እምቢ ያለ መስሎን ገዢውን ነበር የረገምነው» አለና ተነሥቶ ሄደ።

በዓመቱ ሸንጎው ሲቀመጥ ሰውዬው ዘንጉን ተክሎ መጀመሪያ ስለ ድልድዩ ተናገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ገዢው «ይቆረጥ» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ፊቱን አዞረ። አለቀ። አንድ ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ያህል አልፈጀም። ሰውዬው ግን ከፊቱ አልሄድ አለ። አጋፋሪው ክንዱን ይዞ እስኪያወጣው ድረስ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ሼህ ዓልዩ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወደ ይመር ዞሩ።

«አሁን ወዳንተ ልምጣ። ያ ሰው ራሱን ከሁሉ በኋላ ያስቀመጠ መስሎት ነበር። ስሙን ነበር ከሁሉ በፊት ያስቀመጠው፤ ወደ ኋላ የቀረችው እኅቱ ናት። አንተም ነገ ከነገ ወዲያ ምክር ቤቱ ውስጥ ዘንግህን ትተክላለህ። ስለ ስታዲየሙ ትናገራለህ፣ ስለ ዞኑ ትናገራለህ፣ ያጨበጭቡልሃል። ይሉኝታህን እንደ ደግነት ቆጥረህ ትመለሳለህ። እዚያ ገደል ላይ ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች ግን ስለ ጭብጨባው አይሰሙም።»

«ወገንተኛ ቢሉኝስ፣ አባቴ?»

«ይበሉሃ። ስም ቢጎድፍ ይታጠባል። በል አንድ ነገር ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ። ያ መንገድ አንተ የማታውቀው የሌላ ሰው ቀበሌ መንገድ ቢሆን ኖሮ የት ታስቀምጠው ነበር?»

ይመር መልሱ አልጠፋውም።

«መጀመሪያ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ የእነዚያ ሴቶች ጥፋታቸው ምንድን ነው?» አሉት ሼሁ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «አንተን መውለዳቸው ነው?»