የጋዝ ምርቃት

አንድ እህል ነጋዴ በድሬዳዋ ይኖር ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ የነገሩኝ ጎረቤቱ ወይዘሮ ኑሪያ ናቸው። ሰውዬው መኩሪያ ይባላል፤ ሽንብራ ሻጭ ነበር። አይ፣ ይታረም፤ ሽንብራም ይይዝ ነበር እንጂ የታወቀው በማሽላ ነው። ከማሽላውም ይልቅ በምርቃቱ ይታወቃል። ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በሁለት እጁ ዘግኖ ካልጨመረ ሸማቹን አያሰናብትም።

እናቱ እማማ ዘርፌ በልብ ሕመም ሆስፒታል ሰንብተው ሊወጡ ሆነ። ሐኪሙም፣ “ልባቸው ሙቀት አይችልም፤ የሚያርፉበት ክፍል ቀዝቃዛ ይሁን” ብሎ አስጠነቀቀ። በድሬዳዋ በጋ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። መኩሪያ አየር ማቀዝቀዣ ገዛና በሙያው የተመሰገነውን ሽኩርን ጠራ። እህቱ ደግሞ እናታቸውን ልታመጣ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ሽኩር ቧንቧዎቹን ካገናኘ በኋላ የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ ለመልቀቅ አልቸኮለም። በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጠጠ፤ ከዚያም ፓምፑን አጥፍቶ የመለኪያውን መርፌ ቁጭ ብሎ ይመለከት ጀመር።

“አቦ ሽኩር፣ እንዲህ የምታፈጥባት መርፌዋን ልታገባት ነው እንዴ?” አለ መኩሪያ።

“ጋሽ መኩሪያ፣ ከተንቀሳቀሰች የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከጸናችልኝ ግን ሽማግሌ እልካለሁ።”

መርፌዋ ጸናች። ሽኩር ጋዙን ለቀቀ፤ ቧንቧው ረጅም ስለነበረም የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ጋዝ፣ ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀምጦ እየለካ ሞላ። ማሽኑ ሲነሣ የደጋው የደንገጎ ነፋስ በመስኮት የገባ መሰለ።

“በል እንግዲህ፣ ምርቃቱን ጨምር” አለ መኩሪያ።

“ይህ ምርቃት የለውም፤ ልኩ ይኸው ነው።”

“ለእናቴ ደግሞ ልክ አለው? አንተ ንፉግ!”

“ጋሼ፣ ማሽላ ቢተርፍ ጆንያ ይይዘዋል። ጋዝ ሲተርፍ ማሽኑን ያፍነዋል።”

ሽኩር ማሽኑ ከተረጋጋ በኋላ ዳግመኛ ሊለካው ስለፈለገ፣ ቱቦዎቹን ሳይነቅል ሊሰግድ ሄደ። መኩሪያ ብቻውን ቀረ። እጁ አላስቻለውም። ሲሊንደሩን ከሚዛኑ አወረደና ሽኩር ሲከፍት እንዳየው ቁልፉን አዞረ። “ለእናቴ!” እያለ ከልቡ መረቀ።

ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ቀዝቃዛው አየር ለብ አለ፤ ጥቂት ቆይቶም ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ቆመ። እናቱን የያዘችው ባጃጅ በር ላይ የቆመችው ይኼኔ ነው።

የእማማ ዘርፌ ፊት በላብ ርሷል፤ ትንፋሻቸውም ያጥራል። ወይዘሮ ኑሪያ ሮጠው ወደ ጥላማው በረንዳቸው አስገቧቸው። ሽኩር ሲመለስ መኩሪያ፣ “ማሽንህ ተበላሸ” ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቱን አየና ዋጠው።

“እኔ ነኝ፤ ጨመርሁበት” አለ።

“ምን ያህል?”

“ምርቃት ይለካል እንዴ? ከሚዛኑ አውርጄ ነው።”

ሽኩር አልተቆጣም። “እንግዲያውስ ሁሉንም አውጥቼ እንደገና እሰፍራለሁ።”

“ትንሽ ብታስተነፍሰው አይበቃም?”

“በግምት የገባውን በግምት ካወጣሁት፣ እማማም በግምት ነው የሚተነፍሱት።”

ጋዙን ወደ ባዶ ሲሊንደር ሰበሰበ፤ ፓምፑን እንደገና አሠራ፤ መርፌዋንም አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ በትዕግሥት ተመለከታት። መኩሪያ እናቱን በካርቶን እያራገበ አንድ ጊዜ እንኳ “ቶሎ በል” አላለም። አይ፣ አንድ ጊዜ ብሏል፤ ወይዘሮ ኑሪያ ሰምተውታል። ሽኩር ግን በጆሮ ዳባ ልበስ አለፈው፤ ጋዙን በሚዛን መዝኖ በልኩ ሞላ።

ማሽኑ ተነሣ። እማማ ዘርፌ በቀዝቃዛው ክፍል ጋደም ብለው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ የሆነውን ሁሉ ሰምተው ፈገግ አሉ።

“ልጄ፣ ጡት ሳጠባህ እንኳ ስትጠግብ አቆም ነበር” አሉት።

የዚህ ታሪክ ትምህርት “ቸርነት ይጎዳል” የሚል ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝሁት። የመኩሪያ ቸርነት መልካም ነበር፤ የጎደለው፣ ተቀባዩ ምን ያህል መያዝ እንደሚችል መጠየቅ ነው። ሽኩርን የማደንቀው ደግሞ ባልሠራው ጥፋት ሳይቆጣ፣ በችኮላም ሳይደነግጥ፣ ሥራውን ከባዶ ስለጀመረ ነው። እኛስ ለምንወዳቸው ስንሰጥ የምንሰፍረው በማን ልክ ነው? በእነርሱ ወይስ በራሳችን?

ታሪኩን ሳልጽፈው ብዙ ዘመን ቆየሁ። በወረቀት ያሰፈርሁት በሐምሌው የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ፣ ተጓዦች ከተማችንን በሞሉበት ሐሙስ ዕለት ነው።