ከሪዙ በኋላ የተለቀሰው ለቅሶ

አንዲት ረድኤት የምትባል ዘፋኝ ነበረች። ዘፈኗ በየታክሲው መሰማት ሲጀምር አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጠርቶ የጨዋታ ፕሮግራም ሰጣት። በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ የተሳቀበትን ቪዲዮ ታሳያለች፣ ምት ጨምራበት ታንጎራጉራለች፣ ቪዲዮው ላይ የታየውን ሰው ካገኘችውም ቢጫ ሶፋ ላይ አስቀምጣ ታጫውተዋለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሰው ካልሳቀ ፕሮግራሙ እንደሚዘጋ ታውቃለች፣ ጭንቋ እሱ ነው። እየሳቀች ዓይኗ ሲንከራተት እኔ በቴሌቪዥን ሳይቀር አይቼባታለሁ።

እኛ ኮንዶሚኒየም ደግሞ እትዬ ውድነሽ አሉ። ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ እሳቸው ያልደረሱበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተከለ። አንደኛው ለአንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ነው፤ ሌላው በሕንፃው ጀርባ፣ ተከራይተው ከገቡ ብዙም ላልቆዩ አሮጊት። እትዬ ውድነሽ እንደ ደንቡ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ለመቶ አለቃው ከሩቅ እያለቀሱ መጡና የአሮጊቷ ድንኳን ውስጥ ገቡ። የሟቿ ፎቶ ፊት ለፊት ተሰቅሎ እሳቸው ደረታቸውን እየመቱ፣ “ያን የመሰለ ሪዝህን አፈር ይብላው?” ይላሉ። በዚያ የሚያልፍ ሰው በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ረድኤት ሪዙን ዘፈን አደረገችው፤ አገር ጨፈረበት። ሰርግ ላይ ሳይቀር ተዘፈነ። እትዬ ውድነሽ ግን ለቅሶ ቤት ሄደው አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ይሰማል። እያደር ድምፃቸው ጠፋ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሰውም ሳይለቀስለት ይቀበራል።

ፕሮግራሙ እሳቸውንም ጠራቸው። ልጃቸው ደግመው መሳቂያ እንዳይሆኑ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ረድኤት ዘፈኑን እንድትተውላቸው ሊለምኗት፣ የሚያለቅሱበትን አፍ እንድትመልስላቸው ሊጠይቋት ሄዱ።

ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ቪዲዮው ታየ፣ የተቀዳ ሳቅም ተለቀቀ። ረድኤት እየሳቀች፣ “እትዬ፣ ከሪዙ በኋላስ? ሮጠው ወጡ አይደል?” አለቻቸው።

“አልወጣሁም፣ ልጄ።”

“እንዴ፣ ድንኳን መሳሳትዎን አላወቁም?”

“ነጠላዬን ገለጥ ሳደርግ ወዲያው አወቅሁ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ባለቤቷ ናቸው። ‘እህቴ፣ እስካሁን ያለቀሰላት የለምና አይሂዱብኝ’ አሉኝ። ስሟን ጠየቅኋቸውና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።”

ሳቅ የሚለቀው ሰውዬ ልማድ ሆኖበት ቁልፉን ነካ። ረድኤት እጇን አነሳችና አስቆመችው። ከዚያ ወደ እትዬ ውድነሽ ጠጋ ብላ፣ “ስማቸው ማን ነበር?” አለች።

“ጥሩወርቅ።”

ዘፋኟ ወደ ካሜራው ዞረች። “ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት አርፈው ነበር። እኛ ስንጨፍር አልሰማንም” አለች። ተነሥታም የእትዬ ውድነሽን ጉልበት ሳመች፤ ዘፈኑንም በዚያው ቀን ከያለበት አስነሣችው። አለቆቿ ተቆጥተዋታል ይባላል። ይቆጡ።

ብዙም ሳይቆይ ግቢያችን ውስጥ ሌላ ሰው ሞተ። እትዬ ውድነሽ እንደ ሰሞኑ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጠበቅናቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ነበር፣ ማንም ሳይናገረው መልሶ ኪሱ ከተተው። እሳቸው ቀስ ብለው እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። ያን ቀን ሟቹን የማያውቅ ሁሉ አልቅሶ ወጣ።

ስልክ ሰው የተሳሳተባትን ቅጽበት ቆርጦ ያሳየናል፤ ከስህተቱ በኋላ የሠራውን ደግ ሥራ ግን ውጭ ይተወዋል። እሱን የሚያገኘው የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ዘፋኟም የዳነችው ስለጠየቀች ነው፣ ለመሳቅም ቢሆን።

እናንተስ፣ ትናንት ስቃችሁ ለጓደኛ የላካችሁት ሰው፣ ቪዲዮው ከተቆረጠ በኋላ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ?